የእንሰት ቅጠሉ ላሜራ ብየዳ ላይ ሲጣመምብኝ እንዴት እንደፈታሁት

ብረት የምትሰሩ ልጆች ሰላም፣ ለሚጠቅመው ሰው ብዬ ነው የምጽፈው። ፒያሳ ባለችው ወርክሾፔ ከ1.5 ሚሊ ላሜራ የሰው ቁመት የሚያህል የእንሰት ቅጠል እየሰራሁ ነበር፣ መሃሉ ላይ ቶንዲኖ (ክብ የብረት ዘንግ) ልበይድለት ስል ላሜራው ይሞቅና ጥምም ይላል፣ በመዶሻ ላቃናው ብል ጭራሽ ባሰበት። ሁለት ቅጠል አበላሸሁ። የብየዳ ማሽኑን አምፔር (የኤሌክትሪኩን ኃይል) ቀነስኩ፣ ትንሽ ረዳ እንጂ አልፈታውም።

ከዛ አንድ ጠዋት ጎረቤት ግቢ ያለችውን እንሰት ቆሜ ሳያት ገባኝ፣ ያ ሁሉ ስስ ቅጠል ቀጥ ብሎ የሚቆመው መሃሉ ቦይ ስለሆነ ነው፣ ቦይ ደግሞ በቀላሉ አይታጠፍም። እኔ ዝርግ ነገር ላይ ብረት እየለጠፍኩ ነበር! ተፈጥሮ እኮ ጨርሳ ነው የሰራችው።

ስለዚህ መርካቶ ካለው ምናለሽ ተራ አሮጌ ቱቦ አምጥቼ በርዝመቱ ለሁለት ሰነጠቅኩት፣ ግማሹን ከስር አድርጌ ላሜራውን ሳላሞቀው በክብ መዶሻ ወደ ውስጡ ቀጠቀጥኩት፣ ቦዩ ወጣ፣ ከሱ ወደ ዳር የሚሄዱትን መስመሮችም እንደዛው ቀስ እያልኩ። ቶንዲኖው አሁን ግርጌው ጋ ብቻ ነው። የምበይደውም በ2.5 ሚሊ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) 2 ሴንቲ 2 ሴንቲ፣ አንዴ እዚህ አንዴ እዛ እየዘለልኩ፣ እጅ እስኪያስነካ እየጠበቅኩ ነው።

ላሜራችሁ ጋልቫናይዝድ (ዚንክ የተለበጠ) ከሆነ ግን የምትበይዱበትን ቦታ ዚንኩን ፍቁት፣ ጭሱ ያሳምማል፣ በርም ክፈቱ።

ሶስተኛው ቅጠል ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ክረምት ሳይገባ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) እቀባዋለሁ።