በትንንሾቹ የኤንዜድ ሞተሮች ላይ የሚፈጸሙና ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

በደሴ ፒያሳም ሆነ በኮምቦልቻ ጎዳናዎች ቪትዝ፣ ያሪስና ፕላትዝ የሚባሉት ትንንሽ የቤት መኪኖች በብዛት ይታያሉ። ከእነዚህ በርካታዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ቶዮታ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1997 ሥራ ላይ ያዋለው የኤንዜድ የቤንዚን ሞተር ቤተሰብ ነው። ዋናዎቹ አባላት 1ኤንዜድ-ኤፍኢ እና 2ኤንዜድ-ኤፍኢ ናቸው። ሁለቱም አራት ሲሊንደር፣ የአሉሚኒየም ብሎክና በካቴና (በሰንሰለት) የሚዞሩ ሁለት የቫልቭ ዘንጎች ያሏቸው ሲሆን፣ የሲሊንደራቸው ስፋትም እኩል 75 ሚሊ ሜትር ነው። የሚለያቸው ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ የሚጓዘው ርቀት ነው፤ ይኸውም በመጀመሪያው 84.7፣ በሁለተኛው 73.5 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱን 1,497 ሲሲ፣ ሌላውን 1,298 ሲሲ ያደረጋቸው ይኸው ልዩነት ነው። አንድን ንድፍ በዚህ መልክ እያረዘሙና እያሳጠሩ መሥራት የአምራቹን ወጪ ይቀንሳል፤ ለባለንብረቱም መለዋወጫ በቀላሉ እንዲያገኝ ይረዳዋል። በእኔ እምነት ግን በአካባቢያችን በእነዚህ ሞተሮች ላይ የሚደርሰው ጉዳት በአብዛኛው የሚመነጨው የሞተሮቹ ዝምድና የት ድረስ እንደሚዘልቅ ካለማወቅና ሞተሩን የከፍታው አገር በሚጠይቀው መንገድ ካለመያዝ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት መለዋወጫን በሲሲ ብቻ መግዛት ነው። «የቪትዝ 1.3 ጓርኒሲዮን ስጠኝ» ብሎ በሞተሩ ክፍሎች መካከል የሚገባውን ማሸጊያ የሚጠይቅ ሰው የተሳሳተ ዕቃ ይዞ ሊመለስ ይችላል፤ ምክንያቱም 1.3 የሆነ ቪትዝ ሁሉ 2ኤንዜድ አይደለም። በ2005 በጃፓን ገበያ በወጣው ሁለተኛው የቪትዝ ትውልድ ላይ፣ በፊት እግር የሚጎተተው ባለ 1.3 መኪና የተገጠመለት 2ኤስዜድ-ኤፍኢ የተባለ የሌላ ቤተሰብ ሞተር ሲሆን፣ 2ኤንዜድ የተሰጠው በአራቱም እግር ለሚጎተተው ነው። ባለ 1.0ው ደግሞ ሦስት ሲሊንደር ያለው 1ኬአር-ኤፍኢ ነው። ለመለየት የሚረዳው ከኮፈኑ ሥር ባለው የብረት ሰሌዳ ላይ የተጻፈው የሞዴል ኮድ ነው፦ ኤንሲፒ ብሎ የሚጀምር የኤንዜድ፣ ኤስሲፒ የኤስዜድ፣ ኬኤስፒ የኬአር፣ ኤንኤስፒ ደግሞ በኋላ የመጣው የኤንአር ሞተር የተገጠመለት ነው። መኪናው ሞተር ተቀይሮለት ሊሆን ስለሚችልም በብሎኩ ላይ የተቀረጸውን ኮድ ጠርጎ ማንበብ ያስፈልጋል። ዕቃውን ከአዲስ አበባ በሰው የሚያስመጣ ባለንብረት፣ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ የመጣ የማይገጥም ዕቃ ከመመለስ ይህን ኮድ በስልክ ፎቶ አንስቶ ቢልክ እጅግ ይቀለዋል። በራሱ በኤንዜድ ቤተሰብ ውስጥም ቢሆን የሲሊንደሩ ስፋት አንድ ስለሆነ ብቻ ሁሉም ነገር ይለዋወጣል ማለት አይደለም። የፒስተኑን ጉዞ የሚወስነው ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ (ኮሎው) ስለሆነ፣ የ1ኤንዜድ ኮሎ በ2ኤንዜድ ቦታ ሊገባ አይችልም።

ከሁሉም በላይ ትኩረት የሚያሻው የማቀዝቀዣው ጉዳይ ነው። ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለች ከተማ በመሆኗ፣ በክፍት ዕቃ የተጣደ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። የማቀዝቀዣውን ውሃ እንደ ሙቀቱ የሚያሳልፈውና የሚዘጋው የሞተሩ ቴርሞስታት ደግሞ መከፈት የሚጀምረው ከ80 እስከ 84 ዲግሪ ባለው መጠን ሲሆን፣ ጭነት ሲበዛበት ሞተሩ ከዚያ በላይ ይሞቃል። ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ይህን ክፍተት የሚያሰፋው የራዲያተሩ ክዳን ነው። ክዳኑ በሞላውና በጎማው ሥርዓቱን በግፊት ስለሚይዘው የመፍላቱ መጠን ከ110 ዲግሪ በላይ ይወጣል። ጎማው የተሰነጣጠቀ ወይም ሞላው የላላ ክዳን ባለው መኪና ከኮምቦልቻ ተነስቶ ወደ ደሴ የሚያስወጣውን የሐረጎን ዳገት መውጣት፣ በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ ጉዞ ውስጥ 600 ሜትር ገደማ ከፍ እያሉ ሙቀቱን እየጨመሩ፣ መፍያውን ግን እየቀነሱ መሄድ ማለት ነው። ብዙ ባለንብረት ሞተሩ ሲሞቅ ራዲያተር ያስጠርጋል፣ ፓምፕ ይቀይራል፣ አለፍ ሲልም ቴስታታ (የሞተሩን የላይኛውን ራስ) ያስወርዳል፤ ርካሹን ክዳን ግን ማንም አይመረምረውም። ምርመራው በክዳኑ መጀመር አለበት። ክዳኑ ሞተሩ ፈጽሞ ሳይቀዘቅዝ መከፈት እንደሌለበትም ሊዘነጋ አይገባም፤ ግፊቱ በድንገት ሲለቀቅ የሚገነፍለው ውሃ ፊትና እጅ ያቃጥላል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ስህተት ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል ነው። ድርጊቱ ለኮምቦልቻ ሙቀት መፍትሔ መስሎ ቢታይም፣ በኅዳርና በታኅሣሥ የደሴ ብርድ ግን ሞተሩ ወደ መደበኛ ሙቀቱ ሳይደርስ እንዲውል ያደርገዋል። ኮምፒውተሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ እንደሆነ ስለሚረዳ ቤንዚን ይጨምራል፤ ያልተቃጠለው ቤንዚን ከዘይቱ ጋር ይቀላቀላል፤ የሲሊንደሩ ግድግዳም ያለጊዜው ይበላል። ራዲያተሩን በቧንቧ ውሃ ብቻ መሙላትም እንዲሁ ነው። የአሉሚኒየም ብሎክና ቴስታታ ዝገትን የሚከላከል የማቀዝቀዣ ፈሳሽ ይፈልጋሉ።

«ይህ ሞተር ካቴና እንጂ ቺንጋ (የጎማ ቀበቶ) ስለሌለው አያሳስብም» የሚለው አባባል ግማሽ እውነት ነው። የቫልቭ ዘንጎቹን የሚያዞረው በእርግጥ ካቴና ሲሆን፣ በተወሰነ ኪሎ ሜትር ይቀየር የሚል ደንብም የለውም። ነገር ግን ካቴናውን ወጥሮ የሚይዘው ክፍል የሚሠራው በሞተሩ ዘይት ግፊት ነው። የቫልቮቹን የመከፈቻ ጊዜ የሚያስተካክለው ቪቪቲ-አይም የሚታዘዘው በዚያው ዘይት ሲሆን፣ ዘይቱ ወደ እርሱ የሚደርሰው በጣት ጫፍ በምታክል ወንፊት አልፎ ነው። ዘይቱ ሳይቀየር ቆይቶ ወደ ጭቃነት ሲለወጥ ወንፊቷ ትደፈናለች፤ መኪናው ዳገት ላይ ይሰንፋል፤ ጠዋት ሲነሣም ከካቴናው በኩል የመንኳኳት ድምፅ ይሰማል። በዚህ ጊዜ «ሞተሩ አርጅቷልና ወፍራም ዘይት ይሁንለት» ብሎ 20ደብሊው-50 መሙላት ችግሩን ያባብሰዋል፤ በብርድ ጠዋት ወፍራም ዘይት ወደ ላይኛው ክፍል ለመድረስ ይዘገያልና። ለእነዚህ ሞተሮች የታሰበው 5ደብሊው-30ን የመሰለ ቀጭን ዘይት ነው። ቺንጋን በተመለከተ ደግሞ፣ ከውጭ የሚታየው ቺንጋ የውሃ ፓምፑንና ዲናሞውን ስለሚያዞር ሐረጎ መካከል ቢበጠስ መኪናውን ወዲያው አቁሞ ሞተሩን ማጥፋት ግዴታ ነው።

ሞተሩ ዘይት መብላት ሲጀምር ብሎኩን አስቦርሮ (ሲሊንደሩን አስፍቶ) ትልቅ ፒስተን ማስገባት ከቀድሞዎቹ የብረት ብሎኮች የተወረሰ ልማድ ነው። የኤንዜድ ሲሊንደር ግድግዳ በአሉሚኒየሙ ውስጥ የተቀመጠ ቀጭን የብረት ቱቦ ስለሆነ ለመቦረር የታሰበ አይደለም። ከመበየድና ከመቦረር ይልቅ ደህና ብሎክ ፈልጎ መቀየር ይሻላል። የቴስታታው ቡሎኖችም በጉልበት የሚጠብቁ አይደሉም። በ1ኤንዜድ በመጀመሪያ ሁሉም በቅደም ተከተላቸው በ29 ኒውተን ሜትር ይጠብቃሉ፤ ከዚያም እያንዳንዳቸው 90 ዲግሪ፣ እንደገናም ሌላ 90 ዲግሪ ይዞራሉ። በዚህ ሂደት ቡሎኑ በመጠኑ ስለሚለጠጥ፣ ቀድሞ ተለጥጦ የቀጠነውን መልሶ ማሰር አዲሱን ጓርኒሲዮን ማባከን ነው።

የቫልቭ ክፍተትን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። እነዚህ ሞተሮች ክፍተቱን በዘይት ግፊት ራሱ የሚያስተካክል ክፍል የላቸውም። የማስገቢያው ክፍተት ወደ 0.2፣ የማስወጫው ወደ 0.3 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ከዚህ ሲወጣ የሚስተካከለው በየ0.02 ሚሊ ሜትሩ ውፍረታቸው የሚለያይ፣ በቫልቮቹ ጫፍ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ክዳኖችን መርጦ በመቀየር ነው። በእርሳስ ቀለም ወይም በወረቀት ቁራጭ የሚሠራ አይደለም፤ መለኪያና ትዕግሥት ያለው ባለሙያ ያስፈልጋል።

ሌላው ስህተት በከፍታው የጠፋውን ጉልበት እንደ ብልሽት መቁጠር ነው። በደሴ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ስለዚህ በወረቀት ላይ 109 የፈረስ ጉልበት ያለው 1ኤንዜድ እዚህ ከ80 ብዙም አይበልጥም፤ 87 የተባለለት 2ኤንዜድም በዚያው ልክ ይቀንሳል። ይህን ሳያውቁ ካንዴላ፣ ኢንጀክተርና ሴንሰር በየተራ መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው። ኮምቦልቻ ላይ ደህና የሚጎትት መኪና ደሴ ላይ ከሰነፈ ጤነኛ ነው፤ ሁለቱም ቦታ ከሰነፈ ግን ይመርመር። የእነዚህ ሞተሮች ጉልበት በሙሉ የሚገኘው በደቂቃ ከ4,000 ዙር በላይ በመሆኑ፣ ቤንዚን ለመቆጠብ ብሎ ሐረጎን በአራተኛ ማርሽ እያንገዳገዱ መውጣት ሞተሩን ይጎዳል። ወደ ሦስተኛ ወይም ወደ ሁለተኛ ወርዶ ዙሩን ከፍ ማድረግ ለእርሱ ዕረፍት ነው።

በመልሱ ጉዞ ደግሞ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ማርሽ ነፃ አድርጎ መውረድ ቤንዚን ያቆጥባል ብለው የሚያምኑ ብዙ ናቸው። ይህ ለካርቡራተር ዘመን እንኳ የማይመከር አደገኛ ልማድ ሲሆን፣ ለኤንዜድ ግን ስሌቱ ራሱ ተገላቢጦሽ ነው። መኪናው በማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከቤንዚን መርገጫው ሲነሣ ኮምፒውተሩ ቤንዚኑን ፈጽሞ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያዞረው የጎማዎቹ ጉዞ ብቻ ይሆናል። ማርሹ ነፃ ሲሆን ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል፤ የመኪናው ክብደትም በሙሉ ፍሬኑ ላይ ያርፋል። በወጡበት ማርሽ መውረድ ሸራውንም፣ ዲስኩንም፣ ቤንዚኑንም ያተርፋል።