ሬንደር መሃል ላይ ሲቆም፣ ዲቪዲውም አልነበብ ሲል ምን ይደረጋል?

ቪዲዮው ተቆርጦ፣ ተቀጥሎ፣ ሙዚቃ ገብቶለት አልቋል። ሬንደሩ (ፕሮግራሙ ሁሉንም አዋህዶ አንድ የቪዲዮ ፋይል የሚያወጣበት ሥራ) ግን 73 በመቶ ደርሶ ቀጥ ይላል። ወይም ዲቪዲው ተጽፎ ካለቀ በኋላ ማጫወቻ ውስጥ ሲገባ አልነበብ ይላል። እንዲህ ሲሆን እጃችን የሚሄደው ያንኑ ቁልፍ ደግሞ ወደ መጫን ነው። እኔም የቤተሰብ ቪዲዮ ሳዘጋጅ እንደዚያ እያደረግኩ አምስት ባዶ ዲስክ አበላሽቻለሁ፤ ጥፋተኛው ዲስክ መጻፊያው መስሎኝ ነበር። አምስቱም ዲስኮች ግን የሚቆሙት እዚያው አንድ ቦታ ላይ ነው። ለካ ታይምላይኑ (ክሊፖቹ በቅደም ተከተል የሚደረደሩበት መስመር) ላይ አንዲት የሁለት ሰከንድ ክሊፕ ተበላሽታ ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ ሦስቱን ሥራዎች ለያይቼ ነው የምሠራው፦ ኤዲት ማድረግ፣ ሬንደር ማድረግ፣ ዲስክ ላይ መጻፍ። ብዙ ፕሮግራሞች ሦስቱንም በአንድ ቁልፍ ይሠሩልዎታል። ችግር ሲመጣ ግን የቱ ጋ እንደተበላሸ ማወቅ ያቅታል።

ደረጃ 1፦ ፋይሎቹንና ቦታውን ያስተካክሉ

ክሊፖቹን፣ ፎቶዎቹንና ሙዚቃውን ከፍላሽ ወይም ከሜሞሪ ካርድ ላይ ሆነው አይሥሩባቸው። በኮምፒውተሩ ዲስክ ላይ አንድ ፎልደር ከፍተው ሁሉንም እዚያ ይገልብጡ። ፍላሹ ሲነቀል ታይምላይኑ ላይ ያለው ክሊፕ ይጠፋል፤ ሬንደሩም እዚያ ሲደርስ ይቆማል።

ባዶ ቦታም ይመልከቱ። አንድ ሙሉ ዲቪዲ ለማዘጋጀት ጊዜያዊ ፋይሎቹን ጨምሮ 20 ጊጋባይት ያህል ነፃ ቦታ ቢኖር ይመረጣል። ፋይሉ 4 ጊጋባይት አካባቢ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚቆም ከሆነ ደግሞ የሚያስቀምጡበት ዲስክ ፎርማት ፋት 32 ሊሆን ይችላል፤ እሱ ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። ወደ ኤክስፋት ወይም ኤንቲኤፍኤስ ይቀይሩት። ፎርማት ማድረግ ግን ያለውን ሁሉ ያጠፋል፤ ስለዚህ አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ።

ደረጃ 2፦ የሚቆመው አንድ ቦታ ላይ ነው ወይስ የተለያየ?

ይህ ጥያቄ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ሬንደሩን ሁለት ጊዜ ያስኪዱና የቆመበትን በወረቀት ይጻፉ።

ቦታው በቂ ሆኖ ሁለቱም ጊዜ እዚያው ከቆመ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ ታይምላይኑ ላይ ነው። የ40 ደቂቃ ቪዲዮ 73 በመቶ ላይ ከቆመ 29ኛው ደቂቃ አካባቢ ይፈልጉ። በመቶኛው ሁልጊዜ ከደቂቃው ጋር እኩል ስለማይሄድ እዚያ ካጡት በግማሽ በግማሽ ይከፋፍሉት። የመጀመሪያውን 20 ደቂቃ ብቻ ሬንደር ያድርጉ። ካለፈ ችግሩ ሁለተኛው 20 ውስጥ ነው፤ እሱን ወደ 10፣ ከዚያ ወደ 5 ያውርዱት። አራት ዙር ሳይሞላ ጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ይቀራሉ፤ እነዚያን በዓይን ፍሬም በፍሬም ማየት ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚገኘው የተበላሸ ክሊፕ፣ ከባድ ኤፌክት፣ ወይም ከካሜራ እንደወጣ የገባ በጣም ትልቅ ፎቶ ነው። ፎቶውን ወደ 1920 ፒክስል ስፋት ያሳንሱት፤ ክሊፑን ሃንድብሬክ በሚባለው የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም እንደገና ቀይረው በአሮጌው ቦታ ያስገቡት፤ ኤፌክቱን አንስተው ይሞክሩ።

አንዴ 30፣ አንዴ 80 በመቶ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ቪዲዮውን ይተዉት፤ ችግሩ ብዙ ጊዜ የማሽኑ ነው። ላፕቶፑን ከአልጋ ወይም ከትራስ ላይ አንስተው ጠንካራና ጠፍጣፋ ነገር ላይ ያድርጉት፤ የአየር ማውጫው በአቧራ ተደፍኖ እንደሆነም ይዩ። ቻርጀሩን ይሰኩ፤ በራሱ ጊዜ እንዳይተኛ ያድርጉ፤ ሌሎች ፕሮግራሞችን ይዝጉ። ካልተሻለው ሬንደር ሴቲንግ ውስጥ ገብተው የግራፊክስ ካርዱን እገዛ ያጥፉ። ይዘገያል እንጂ ብዙ ጊዜ ይጨርሳል። ከጨረሰ የግራፊክስ ድራይቨሩን (ካርዱን የሚያሠራውን ፕሮግራም) ያድሱ።

ደረጃ 3፦ ድምፅና ከንፈር ሲለያዩ

መጀመሪያው ላይ ገጥሞ ወደ መጨረሻው እየራቀ የሚሄድ ከሆነ በስልክ የተቀረጸ ክሊፕ ይጠርጥሩ። ብዙ ስልኮች በሰከንድ የሚይዙትን የፍሬም ብዛት እየቀያየሩ ነው የሚቀርጹት። ክሊፑን በሃንድብሬክ ቋሚ የፍሬም ፍጥነት መርጠው ይቀይሩና ከዚያ ወደ ታይምላይን ያስገቡ። ልዩነቱ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ግን ድምፁን ጥቂት ፍሬም ማንሸራተት ይበቃል።

ደረጃ 4፦ ዲስኩ ከመነካቱ በፊት

ሬንደር የሆነውን ፋይል ቁጭ ብለው ይመልከቱ፤ ቢያንስ መጀመሪያውን፣ መሃሉንና መጨረሻውን። እዚህ ላይ ያልታየ ስህተት ዲስክ ላይ አይስተካከልም።

ከዚያ ልኩን ያስሉ። ማሸጊያው ላይ 4.7 ጊጋባይት የሚለው ዲቪዲ ዊንዶውስ ውስጥ 4.37 ተብሎ ይታያል፤ ዲስኩ አልጎደለም፣ አቆጣጠሩ ነው የተለያየው። ለ90 ደቂቃ ቪዲዮ ቢትሬቱ (ለአንድ ሰከንድ ቪዲዮ የሚመደበው የመረጃ መጠን) ድምፁን ጨምሮ በሰከንድ 6.5 ሜጋቢት ያህል፣ ለ120 ደቂቃ ደግሞ 5 ሜጋቢት ያህል ይበቃል። ከዚያ ብዙ ካስበለጡት ዲስኩ ውስጥ አይገባም።

ደረጃ 5፦ መጻፍ

ኤምፒ4 ፋይል እንዳለ ዲስክ ላይ ቢገለበጥ ኮምፒውተር ይከፍተዋል፤ የቆየ የዲቪዲ ማጫወቻ ግን ላይከፍተው ይችላል። ማጫወቻው የሚፈልገው በዲቪዲ መሥሪያ ፕሮግራም ወደ ኤምፔግ 2 ተቀይሮ "ቪዲዮ ቲኤስ" የሚባለው ፎልደር ውስጥ የተዘጋጀውን ነው። ፓል ወይም ኤንቲኤስሲ (ሁለት የቴሌቪዥን ምስል ዓይነቶች) ሲባሉ ማጫወቻውና ቴሌቪዥኑ የሚቀበሉትን ይምረጡ።

ቀጥታ ወደ ዲስክ አይላኩት። መጀመሪያ አይኤስኦ ፋይል (የዲስኩን ይዘት በሙሉ የያዘ አንድ ፋይል) አድርገው ያስቀምጡና ኮምፒውተሩ ላይ ያጫውቱት። እዚያ ደህና ሄዶ ዲስኩ ላይ ከተበላሸ፣ የቀረው ዲስኩ ወይም መጻፊያው ብቻ ነው። 16 ኤክስ (የመጻፊያ ፍጥነት ነው) የሚል ዲስክ ከሆነ በ8 ወይም በ4 ኤክስ ይጻፉት፤ ሲጨርስ የተጻፈውን ከዋናው ፋይል ጋር እንዲያመሳክር የሚያደርገውን ምርጫም ያብሩ። ፋይናላይዝ ሳይደረግ (መጻፉ በመጨረሻ ሳይዘጋ) የወጣ ዲስክ ሌላ ማጫወቻ ላይ ላይነበብ ይችላል። ተደጋግሞ የሚጻፍባቸውን ዲስኮችም የቆዩ ማጫወቻዎች አንዳንዴ አይቀበሏቸውም፤ ለስጦታ አንድ ጊዜ ብቻ የሚጻፍበትን ይጠቀሙ።

ማመሳከሩ አሁንም ስህተት ካሳየ የሌላ አምራች ዲስክ ይሞክሩ። ያም እንቢ ካለ መጻፊያውን የሚቀይሩት ያኔ ነው። አይኤስኦው ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ ሬንደሩን እንደገና መጀመር አያስፈልግዎትም።