ገበያ ሲናወጥ የኢኮኖሚ ዜናን እንዴት ማጣራት ይቻላል?

የአክሲዮን ገበያ ሲያሽቆለቁል ወይም «እገሌ ባንክ ሊወድቅ ነው» የሚል ወሬ ሲናፈስ ቀድሞ የሚደርሰን ርዕሱ ነው። በርዕስ ብቻ ተነሥቶ መሸጥ፣ ገንዘብ ማውጣትም ሆነ ወሬውን ለሌላ ማስተላለፍ ጉዳት ያመጣል። ማጣራቱ ደግሞ ከሚታሰበው በላይ ቀላል ነው፤ አብዛኛው ሥራ ርዕሱን ትቶ ዋናውን ሰነድ መክፈት ነው።

መጀመሪያ የዜናውን መነሻ ይፈልጉ። ማን ተናገረ፣ መቼ፣ በየትኛው መግለጫ? የወለድ ተመን ከሆነ የማዕከላዊ ባንኩን፣ የዋጋ ንረት ከሆነ የስታትስቲክስ መሥሪያ ቤቱን መግለጫ ይክፈቱ፤ የኩባንያ ጉዳይ ከሆነ የሒሳብ መግለጫውን። አሥር ድረ ገጾች አንድን ወሬ ተቀባብለው ቢያወጡት ምንጩ ያው አንድ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 7 ቀን 2025 አሜሪካ ከውጭ በሚገቡ ዕቃዎች ላይ የጣለችውን አዲስ ቀረጥ (ታሪፍ) ለ90 ቀናት ልታቆም ነው የሚል መሠረት የሌለው ዜና በደቂቃዎች ተሠራጭቶ የአክሲዮን ዋጋ ሽቅብ ወጣ፤ ዋይት ሐውስ ሐሰት ነው ሲል ጭማሪው ጠፋ። ከሁለት ቀን በኋላ ታሪፉ ለአብዛኞቹ አገሮች በእርግጥም ለ90 ቀናት ቆመ። ይህ ግን የመጀመሪያውን ዜና ትክክል አያደርገውም።

የታዋቂ ተቋም ስምም ብቻውን ዋስትና አይሆንም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 23 ቀን 2013 የዜና ወኪሉ የአሶሺየትድ ፕሬስ የትዊተር ገጽ ተጠልፎ በዋይት ሐውስ ፍንዳታ ደረሰ የሚል ሐሰት ሲለጠፍ፣ የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ የሚለካበት ዳው ጆንስ በጥቂት ደቂቃ ከ140 ነጥብ በላይ ወርዶ ተመለሰ። ስለዚህ ተቋሙ ያንኑ ዜና በራሱ ድረ ገጽ ማውጣቱን፣ ሌላ ዘጋቢም ለብቻው ማረጋገጡን ይመልከቱ።

ቀጥሎ ቁጥሩን ይመርምሩ። ብዙው ስሕተት የሚፈጠረው እዚህ ነው፤ ቁጥሩ እውነት ሆኖ ትርጉሙ ይዛባል። እ.ኤ.አ. በ2020 ሁለተኛ ሩብ ዓመት የአሜሪካ አጠቃላይ ምርት በ32.9 በመቶ፣ የዩሮ አገሮች ደግሞ በ12.1 በመቶ ቀነሰ የሚሉ የመጀመሪያ ግምቶች ወጡ። ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው አሜሪካ እጅግ የከፋ ጉዳት ደረሰባት ይላል። ግን አሜሪካ የምታወጣው ቁጥር ውድቀቱ በዚያው ፍጥነት ዓመት ሙሉ ቢቀጥል የሚሆነውን ነው። በሦስቱ ወራት የቀነሰው 9.5 በመቶ ነበር፤ 0.905 አራት ጊዜ እርስ በርሱ ሲባዛ 0.671 ገደማ ይመጣል፣ ከ1 ሲቀነስ 32.9 በመቶ ይሆናል። በአንድ ሚዛን ሲታይ በዚያ ሩብ ዓመት የባሰው ውድቀት የዩሮ አገሮች ነበር። ስለዚህ ቁጥር ባዩ ቁጥር የሩብ ዓመት ነው ወይስ የዓመት፣ ከመቼው ጋር ተነጻጸረ፣ የመጀመሪያ ግምት ነው ወይስ የተከለሰ ብለው ይጠይቁ።

ወለድ ከ4 ወደ 5 በመቶ ሲወጣ ጭማሪው 1 የመቶኛ ነጥብ ነው፤ «ወለድ በ25 በመቶ ጨመረ» የሚል ርዕስም በስሌት ልክ ነው፣ አንባቢን ግን ያስደነግጣል። የዋጋ ንረት ከ8 ወደ 5 በመቶ ወረደ ማለትም ዋጋ ቀነሰ ማለት አይደለም፤ ዋጋ አሁንም እየጨመረ ነው፣ በዝግታ።

መንግሥት ያወጣው ቁጥርም አንዳንዴ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2013 ዓለም አቀፉ የገንዘብ ድርጅት (አይኤምኤፍ) አርጀንቲና የዋጋ ንረትና የምርት መረጃዋን ባለማስተካከሏ በይፋ ነቅፏታል። ተበዳሪ ዕዳውን የመክፈል አቅሙ የሚመዘንበት የብድር ብቃት ደረጃም እንዲሁ ነው፤ የአሜሪካው የኢንቨስትመንት ባንክ ሌማን ብራዘርስ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 15 ቀን 2008 ኪሳራ ሲያውጅ እስከ መጨረሻዎቹ ቀናት ጥሩ ደረጃ ነበረው።

ስለ ባንክ የሚወራ ከሆነ በሒሳብ መግለጫው ሁለት ነገር ይፈልጉ፦ ዋስትና የሌለው ተቀማጭ ምን ያህል እንደሆነና ባንኩ የያዛቸው ቦንዶች (ወለድ የሚከፈልባቸው የብድር ሰነዶች) የገበያ ዋጋ በመውረዱ የመጣው፣ ቦንዶቹ ገና ስላልተሸጡ ግን በተግባር ያልደረሰው ኪሳራ ከካፒታሉ ጋር ሲነጻጸር ስንት እንደሆነ። የአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ እ.ኤ.አ. ማርች 10 ቀን 2023 ሲዘጋ ብዙዎች «ድንገተኛ ነው» አሉ። ነገር ግን በ2022 መጨረሻ የነበረው ሒሳቡ የመክፈያ ጊዜያቸው እስኪደርስ ሊይዛቸው ባሰባቸው ቦንዶች ላይ 15 ቢሊዮን ዶላር ገደማ ኪሳራ ያሳይ ነበር፤ ካፒታሉ 16 ቢሊዮን ገደማ ነው። ከተቀማጩ ከ90 በመቶ በላይ የሆነውም ባንክ ቢወድቅ በአሜሪካ ለአንድ አስቀማጭ ከሚሰጠው የ250,000 ዶላር ዋስትና ውጭ ነበር። ያንን የሒሳብ መግለጫ ያነበበ ሰው ወሬ መጠበቅ አላስፈለገውም።

ትንበያ ሰጪ ሲያዩ ያለፈውን ዓመት ትንበያውን አውጥተው ከሆነው ጋር ያነጻጽሩ፣ በሚናገርበት አክሲዮን ላይ ድርሻ እንዳለውም ይጠይቁ። የሚታተምበትን ቀንም ይወቁ፦ አይኤምኤፍ የዓለም ኢኮኖሚ ትንበያውን በኤፕሪልና በኦክቶበር ያወጣል፣ ማሻሻያውን በጃንዋሪና በጁላይ። ከእነዚህ ወራት ውጭ «አይኤምኤፍ ዛሬ ትንበያውን ቀየረ» የሚል ዜና ከመጣ አሮጌ ዜና ተደግሞ ሊሆን ስለሚችል ቀኑን በድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ያረጋግጡ።