40 ስም ከ1,200 ረድፍ መዝገብ ውስጥ በአንዴ መፈለግ

አዘዞ ያለ አንድ እድር 1,200 አባላቱን በኤክሴል መዝግቧል እንበል። የዚህን ወር መዋጮ በባንክ ያስገቡ የ40 ሰዎች ዝርዝር ለገንዘብ ያዡ ደረሰው። ኮንትሮልና ኤፍን እየተጫነ አንድ በአንድ ልፈልግ ካለ ቀኑ ያልቅበታል፤ በዚያ ላይ የትኛውን ስም እንደዘለለ የሚያውቅበት መንገድ የለም። የኤክሴል መፈለጊያ ሳጥን በአንድ ጊዜ ከአንድ ነገር በላይ አይቀበልም። መፍትሔው የሚፈለጉትን ስሞች ራሳቸውን ሺት ላይ አስፍሮ ፍለጋውን ለፎርሙላ መተው ነው።

ከዚህ በታች ያሉት የፎርሙላ ስሞችና የኮለም ፊደሎች እንደሚነበቡት በፊደላችን ተጽፈዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ግን በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ነው የሚገቡት። ኮማውም የእንግሊዝኛው ይሁን። የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ «፣» ከገባ ኤክሴል ፎርሙላውን አይቀበልም።

ሁለት ሺት ያዘጋጁ። አንዱን «አባላት» ይበሉት፤ ኮለም ኤ ላይ ስም፣ ቢ ላይ ሰፈር፣ ሲ ላይ ስልክ ይኑር፣ ዲ ባዶ ይሁን። ሌላውን «ፍለጋ» ይበሉትና 40ዎቹን ስሞች ከኤ2 እስከ ኤ41 ድረስ በየሴሉ አንድ አንድ አድርገው ያስፍሩ። ከዚያ «አባላት» ላይ ዲ2 ውስጥ ይህን ይጻፉ፦

=ካውንትኢፍ(ፍለጋ!$ኤ$2:$ኤ$41,ኤ2)

ፎርሙላው «ይህ አባል ከፍለጋው ዝርዝር ውስጥ ስንት ጊዜ አለ?» ብሎ ይቆጥራል። 0 ከሆነ የለም፣ 1 ከሆነ አለ። 2 ካመጣ ቆም ብለው ይዩት፤ ወይ ሰውዬው ሁለት ጊዜ ከፍሏል፣ ወይ ሁለት ሞክሼዎች አሉ። የዶላር ምልክቶቹን እንዳይረሱ፤ የዝርዝሩን አድራሻ መርጠው ኤፍ4ን ሲጫኑ ራሳቸው ይገባሉ። ዶላር ከሌለ ፎርሙላው ወደ ታች በተጎተተ ቁጥር ዝርዝሩም አብሮ ይንሸራተታል፤ ሦስተኛው ረድፍ ከኤ3 ጀምሮ ያያል፣ አራተኛው ከኤ4። የመጀመሪያዎቹ ስሞች ከፍለጋው እየወጡ ይሄዳሉ፣ ኤክሴል ግን ምንም ስህተት አያሳይም። ይህ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ቦታ ነው።

የሴሉን የታችኛውን ቀኝ ጥግ ሁለት ጊዜ ጠቅ ቢያደርጉ ፎርሙላው እስከ ታች ይወርዳል። የመጨረሻው ረድፍ ላይ መድረሱን በዓይንዎ ያረጋግጡ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤል ተጭነው ፊልተር ያብሩ፣ ኮለም ዲ ላይ ከሚወርደው ዝርዝር 0 ላይ ያለውን ምልክት ያንሱ። የቀሩት የከፈሉት ናቸው።

ሥራው ግን እዚህ አላለቀም። አሁን ከተቃራኒው አቅጣጫ ይጠይቁ። «ፍለጋ» ሺት ላይ ቢ2 ውስጥ ይህን አስገብተው እስከ ቢ41 ያውርዱ፦

=ካውንትኢፍ(አባላት!$ኤ$2:$ኤ$1201,ኤ2)

እዚህ 0 ያመጣ ስም ሁሉ መዝገቡ ውስጥ ያልተገኘ ነው። ይህ ካልተሠራ ከፍሎ እያለ «አልከፈለም» የሚባል አባል ይኖራል። 40 ስም ፈልገው 31 ብቻ ከተገኘ ዘጠኙ አባል ስላልሆኑ አይደለም፤ አብዛኛውን ጊዜ ጥፋቱ የአጻጻፍ ነው።

ለእኛ «ኃይሉ»፣ «ሃይሉ»፣ «ሀይሉ» እና «ሐይሉ» አንድ ሰው ነው። ለኤክሴል አራት የተለያዩ ስሞች ናቸው። «ሥላሴ» እና «ስላሴ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ»፣ «ወልደ ማርያም» እና «ወልደማርያም» እንዲሁ። የከተማችን ስም እንኳ አንዱ ሰነድ ላይ «ጎንደር»፣ ሌላው ላይ «ጐንደር» ነው።

ለዚህ የስሙን ኮለም ኮፒ አድርገው ባዶ ኮለም ላይ ይለጥፉና «መፈለጊያ ስም» ይበሉት። ኮለሙን በሙሉ ይምረጡ፣ ኮንትሮልና ኤችን ይጫኑ፣ ከዚያ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ይተኩ፦ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ እና ሃ ወደ ሀ፤ ሠ ወደ ሰ፣ ሥ ወደ ስ፤ ዐ፣ ዓ እና ኣ ወደ አ፤ ፀ ወደ ጸ፣ ፅ ወደ ጽ፤ ጐ ወደ ጎ። ሌሎቹንም እርባታዎች እንደ ሑ፣ ሣ፣ ዕ እና ፃ ያሉትን መዝገብዎ ውስጥ ካሉ ይጨምሩ። በመጨረሻ ክፍት ቦታን በባዶ ይተኩ፤ ስሙ ሁሉ የተገጣጠመ ይሆናል፣ ለዓይን ባያምርም ለፍለጋ ይመቻል። ያንኑ በ«ፍለጋ» ሺት ላይም ይድገሙና ሁለቱንም ፎርሙላዎች ወደ አዲሶቹ ኮለሞች ያዙሯቸው። አንድ ሴል ብቻ ተመርጦ «ሁሉንም ተካ» ከተባለ መላው ሺት ይቀየራልና ይጠንቀቁ። ዋናውን የስም ኮለም ፈጽሞ አይንኩ፤ ሰው ስሙን በ«ኃ» ከጻፈ መዝገቡም በ«ኃ» ሊይዝለት ይገባል።

ክፍት ቦታው ተተክቶም አልጠፋ ካለ ከድረ ገጽ የተገለበጠ ሌላ ዓይነት ክፍተት ነው። =ሰብስቲቲዩት(ኤ2,ካር(160),"") ያነሳዋል።

ስልክ ካለ ከስም ይልቅ በስልክ መፈለግ ይመረጣል፣ ሞክሼ የለበትምና። ችግሩ አንዱ በ09፣ አንዱ በ+251 መጻፉ፣ ሌላው ላይ ደግሞ ኤክሴል የፊቱን ዜሮ መዋጡ ነው። ስልኮቹን «ፍለጋ» ላይም ኮለም ሲ ውስጥ ያስፍሩ፤ ክፍተቱንና ሰረዙን ካጠፉ በኋላ በሁለቱም ሺት ላይ =ራይት(ሲ2,9) ብለው የመጨረሻዎቹን 9 አሃዞች ብቻ ያስቀሩና እነሱን ያወዳድሩ።

ባለ 16 አሃዙን የፋይዳ ቁጥር ግን በካውንትኢፍ አይፈልጉ። ፎርሙላው ቁጥር የሚመስልን ጽሑፍ እንደ ቁጥር ስለሚቆጥርና ኤክሴል ከ15 አሃዝ በላይ ስለማይዝ፣ በመጨረሻዋ አሃዝ ብቻ የሚለያዩ ሁለት ሰዎችን አንድ ያደርጋቸዋል። ኮለም ሲ ላይ በስልክ ፋንታ የፋይዳ ቁጥር ካለ በምትኩ =ሰምፕሮዳክት(--(ፍለጋ!$ሲ$2:$ሲ$41=ሲ2)) ይጠቀሙ። ቁጥሩን ከመጻፍዎ በፊትም ሴሎቹን «ቴክስት» ያድርጓቸው፤ አንዴ ወደ ዜሮ የተቀየረች አሃዝ አትመለስም።

ሰፈር ሲሆን ሴሉ ውስጥ «ማራኪ፣ ከመስጊዱ ጀርባ» ወይም «በአዘዞ በኩል» ተብሎ ሊጻፍ ስለሚችል ቃሉን ከመሀል ፈልቅቆ የሚያወጣ ያስፈልጋል። «ማራኪ»፣ «አዘዞ» እና «ፒያሳ»ን «ፍለጋ» ሺት ላይ ዲ2 እስከ ዲ4 ይጻፉና፦

=ሰምፕሮዳክት(--ኢዝነምበር(ሰርች(ፍለጋ!$ዲ$2:$ዲ$4,ቢ2)))

ከ0 በላይ ያመጣ ረድፍ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱን ይዟል። ከዝርዝሩ መሀል አንድ ባዶ ሴል እንኳ እንዳይገባ፤ ባዶ ነገር በሁሉም ጽሑፍ ውስጥ «ይገኛል»ና መዝገቡ በሙሉ ተመርጦ ይወጣል። ይህንኑ ፎርሙላ ለስም ከተጠቀሙበት ደግሞ «አለም» የሚለው ፍለጋ «አለምነህ»ን ሲያመጣ «አለማየሁ»ን አያመጣም፤ «ማ» እና «ም» ሁለት የተለያዩ ፊደሎች ናቸው።

ኤክሴል 2021፣ 365 ወይም ጉግል ሺትስ ያለው ሰው ረዳት ኮለምም አያስፈልገውም። አዲስ ሺት ላይ =ፊልተር(አባላት!ኤ2:ሲ1201,ካውንትኢፍ(ፍለጋ!ኤ2:ኤ41,አባላት!ኤ2:ኤ1201)) ብሎ ቢጽፍ የተገኙት ረድፎች ከነሰፈራቸውና ከነስልካቸው ተዘርዝረው ይወጣሉ። በ2016 እና በ2019 ይህ ፎርሙላ ስለሌለ «ኔም» የሚል የስህተት ምልክት ያሳያል፤ እዚያ ላይ የመጀመሪያው መንገድ ይበቃል። በ«አድቫንስድ ፊልተር» የሚሠሩ ከሆነ ግን «አበበ» ብለው የሚጀምሩትን ሁሉ እንደሚያመጣ ይወቁ፤ «አበበች»ም ትገባለች። አበበን ብቻ ከፈለጉ መስፈርቱ ሴል ውስጥ ="=አበበ" ብለው ይጻፉ።