ጡት ማንሳት፣ ጡት መሙላት ወይስ ሁለቱንም? ከመወሰንሽ በፊት

ከደብረ ብርሃን፣ ከደብረ ሲና ወይም ከመሐል ሜዳ ተነስተሽ አዲስ አበባ ስለ ጡት ኦፕራሲዮን ሐኪም ለማማከር ከመሄድሽ በፊት ግማሹን ሥራ ቤትሽ፣ መስታወት ፊት ልትጨርሺው ትችያለሽ። ውሳኔው የሚቆመው በሁለት ጥያቄ ላይ ነው። የጡትሽ ጫፍ የት ላይ ነው ያለው? ውስጡ ያለው ሥጋስ ይበቃሻል? ጫፉ ወርዶ ሥጋው ካለ ማንሳት፤ ጫፉ በቦታው ሆኖ ሥጋው ካነሰ መሙላት፤ ወርዶም ባዶ ከሆነ ሁለቱም። ብዙዎች የሚቆጩት የወረደውን ጡት ትልቅ ሲሊኮን (ኢምፕላንት፣ ማለትም ጡት ውስጥ የሚቀመጥ መሙያ ከረጢት) አስገብተው ሊያነሱት ሲሞክሩ ነው።

መስታወት ፊት

ጡት ማስያዣሽን አውልቂ፣ እጆችሽን ወደ ታች ልቀቂና ቀጥ ብለሽ ቁሚ። ጡትሽ ከስር ከደረትሽ ጋር የሚገጥምበት እጥፋት አለ፤ እስክሪብቶ አግድም አስገቢበትና ከጎን ተመልከቺ። ጫፉ ከእስክሪብቶው በላይ ከሆነ ጡትሽ አልወረደም። እኩል ከሆነ ወይም እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ካለ መውረዱ ቀላል ነው፤ ከ1 እስከ 3 ሴንቲ ሜትር መካከለኛ፤ ከዚያ ካለፈ ወይም ጫፉ ወደ መሬት ካየ ከባድ ነው። ቀጥለሽ በልብስ ሰፊ ሜትር ከጉሮሮሽ ስር ካለው ጎድጓዳ እስከ ጫፉ ድረስ ለኪ። በወጣትና ባልወረደ ጡት ርቀቱ ብዙውን ጊዜ ከ19 እስከ 21 ሴንቲ ሜትር ነው። ቀኝና ግራውን ለየብቻ ለክተሽ ጻፊው፤ ፍጹም እኩል የሆነ ጡት የለም፣ ሐኪሙም ሁለቱን በተለያየ መጠን ሊሠራቸው ይችላል።

አሁን ጡቶችሽን በእጅሽ ደግፈሽ ጫፉ ወደ ትክክለኛ ቦታው እስኪመጣ ከፍ አድርጊያቸው። በዚያ መልኩ ደስ ካሉሽ ማንሳት ብቻውን ይበቃሻል፤ ሲሊኮን መግዛት አያስፈልግሽም። ከፍ አድርገሻቸውም ከላይ በኩል ጎድጎድ ካለ ግን የጎደለው ሥጋ ነው።

ጡት በማጥባቴ ነው የወረደው ብላ ራሷን የምትወቅስ እናት ብዙ ናት። ጡትን የሚያወርዱት በዋናነት እርግዝናው ራሱ፣ ዕድሜ፣ የክብደት መጨመርና መቀነስ እንዲሁም ሲጋራ ናቸው። ልጅሽን ማጥባትሽ ጥፋት አይደለም። ገበያ ላይ «ጡት ያነሳል» ተብሎ የሚሸጥ ቅባት የተለጠጠ ቆዳን አይመልስም። ስፖርትም ከጡቱ ስር ያለውን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ ጫፉን ከፍ አያደርገውም። ፈሳሽ ሲሊኮን ወይም ሌላ መሙያ ጡትሽ ውስጥ በመርፌ ልውጋልሽ ከሚል ሰው ደግሞ ራቂ።

ማንሳት ብቻ

ሐኪሙ ትርፉን ቆዳ ያወጣል፣ የቀረውን ሥጋ ያሰባስባል፣ ጫፉን ወደ ላይ ያዛውራል። ጡት አይጨምርም፤ ብዙ ጊዜ እንዲያውም ከበፊቱ አነስ ብሎ ይታያል። ዋጋው ጠባሳው ነው። ቀላል መውረድ ላይ በጥቁሩ ክብ ዙሪያ ብቻ ይቆረጣል፤ መካከለኛ ላይ ከክቡ እስከ እጥፋቱ ቀጥ ያለ መስመር ይጨመራል፤ ከባድ ላይ በእጥፋቱ አግድም ሌላ መስመር ይኖራል። ከባድ መውረድ ያለባት ሴት «ጠባሳው አጭር ይሁንልኝ» ብላ በክቡ ዙሪያ ብቻ ካሠራች ክቡ እየሰፋ ይሄዳል፣ የጡቱ ፊትም ይደፈጠጣል።

የእኛ ቆዳ ለኬሎይድ (አብጦ ለሚያድግ ጠባሳ) ቅርብ ስለሆነ ይህን አትዝለዪው። የጆሮሽን መበሻ፣ ክንድሽ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳ፣ በኦፕራሲዮን ወልደሽ ከሆነ የሆድሽን ስፌት በጣትሽ ዳስሺ። ከቁስሉ ድንበር አልፎ ያበጠና የጠነከረ ካለ ለሐኪሙ አሳዪው። የማንሳት ስፌት ረጅም ነው፤ ሲሊኮን ብቻ ለማስገባት ግን ከስር እጥፋቱ ላይ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር መቁረጥ ይበቃል። ኬሎይድ ያለባት ሴት ልብሷን ስትለብስ ደስ የሚል ቅርጽና ልብሷን ስታወልቅ የምታየውን ጠባሳ አመዛዝና መምረጥ አለባት። ጠባሳው እስኪበስል አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል፤ በደጋው ፀሐይ እንዳይጠቁር እስከዚያው ሸፍኚው።

መሙላት ብቻ

ኢምፕላንቱ በሲሊኮን ጄል ወይም በጨው ውኃ የተሞላ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር የሲሊኮን ጄሉን ለውበት የፈቀደው ከ22 ዓመት፣ የጨው ውኃውን ከ18 ዓመት ጀምሮ ነው። ጄሉ ለእጅ ይበልጥ የተፈጥሮ ሥጋ ይመስላል፤ ችግሩ ሲቀደድ ምልክት ላያሳይ መቻሉ ነው። ስለዚህ ይኸው መሥሪያ ቤት ከ5 እስከ 6 ዓመት ሲሞላ፣ ከዚያም በየ2 ወይም 3 ዓመቱ በአልትራሳውንድ ወይም በኤምአርአይ እንዲታይ ይመክራል። የጨው ውኃው ሲቀደድ ጡቱ በጥቂት ቀናት ይሟሽሻል፤ መስታወትሽ ይነግርሻል። ለምርመራ በየጊዜው ከመንዝ ወደ ከተማ መመላለስ ለሚከብዳት ይህ ትልቅ ነጥብ ነው። የትኛውም ቢሆን የዕድሜ ልክ ዕቃ አይደለም፤ አንድ ቀን ይወጣል ወይም ይቀየራል፣ ያንንም ወጪ አሁኑኑ አስቢው።

መጠኑን ለመሞከር የግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሰጂ፤ ከግማሹ ትንሽ አለፍ አድርገሽ ሩዝ ስትሞዪው ወደ 300 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ሩዙን ስስ ስቶኪንግ ውስጥ ቋጥሪው፣ ለሌላውም ጡት እንዲሁ አድርጊና ጡት ማስያዣሽ ውስጥ አስገብተሽ ግማሽ ቀን ሥራሽን ሥሪ። ቡና ውቀጪ፣ ልብስ እጠቢ፣ ጎንበስ ቀና በዪ። እውነተኛው 300 ሚሊ ሊትር ኢምፕላንት ከሩዙም ይከብዳል፤ አንዱ 300 ግራም አካባቢ ስለሆነ ሁለቱ ከግማሽ ኪሎ በላይ ናቸው።

ሐኪሙን የኢምፕላንቱ ገጽ ለስላሳ ነው ወይስ ሻካራ ብለሽ ጠይቂ። ሻካራ ገጽ ያላቸው ከአንድ ብርቅዬ የሊምፎማ ካንሰር ጋር ስለተያያዙ አለርጋን ኩባንያ ባዮሴል የተባሉትን በሐምሌ 2019 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከዓለም ገበያ ሰብስቧል። የኢምፕላንቱ ስም፣ መጠንና መለያ ቁጥር ያለበትን ካርድ ሳትይዢ አትውጪ።

ሁለቱንም

ጫፉ ከእጥፋቱ በታች ወርዶ እያለ ሲሊኮን ብቻ ቢገባ ክብደቱ ቆዳውን ይበልጥ ያወርደዋል። ከጡንቻ ስር ከገባ ደግሞ ኢምፕላንቱ ከላይ ተቀምጦ የራስሽ ሥጋ ከፊቱ ተንሸራቶ ይንጠለጠላል፤ አንድ ጡት ላይ ሁለት ጉብታ ይታያል። መፍትሔው ሁለቱን ማጣመር ነው፣ ነገር ግን ሥራው እርስ በርሱ ይጋጫል። ማንሳት ቆዳውን ያጠብቃል፣ ኢምፕላንት ይወጥረዋል። ከመጠን በላይ ከተወጠረ ስፌቱ ይከፈታል፣ ጠባሳው ይሰፋል፣ ለጫፉ የሚደርሰው ደምም ሊቀንስ ይችላል። ስለዚህ ድጋሚ ኦፕራሲዮን የሚያስፈልግበት ዕድል ከፍ ይላል። መውረዱ ከባድ ከሆነ ወይም ትልቅ መጠን ከፈለግሽ መጀመሪያ ማንሳቱ፣ ከ3 እስከ 6 ወር ቆይቶ መሙላቱ ይሻላል። አንዳንድ ሴቶች ከማንሳቱ በኋላ ሁለተኛውን ይተዉታል፤ ይህም ሁለት ዙር ማድረጉን ተገቢ ያደርገዋል። ሁለቱንም በአንድ ቀን የምትሠሪ ከሆነ መጠኑን አሳንሺ።

ቀኑን ስትቆርጪ

ሌላ ልጅ የምታስቢ ከሆነ ማንሳቱን አቆዪው፤ እርግዝናው ያፈርሰዋል። ጫፉን ማዛወር የማጥባት አቅምንም ሊቀንስ ይችላል። ጡት ካስጣልሽ 6 ወር፣ ክብደትሽም ከረጋ እንዲሁ 6 ወር ይለፈው። ሲጋራና ሺሻ ቢያንስ ከ4 ሳምንት በፊት ጀምሮ እስከ 4 ሳምንት በኋላ ይቁም፤ ኒኮቲን የደም ሥርን ስለሚያጠብ ጫፉ ሊሞት ይችላል። አስፒሪን፣ ዳይክሎፌናክ ወይም የባህል መድኃኒት የምትወስጂ ከሆነ አትደብቂ። ጡትሽ ውስጥ እብጠት ካለ ውበቱ ይቆይ፤ መጀመሪያ በአልትራሳውንድ ይታይ።

ከኦፕራሲዮኑ በኋላ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ከ2 ወይም 3 ኪሎ በላይ አታንሺ። አንድ ጀሪካን ውኃ 20 ኪሎ ነው። እንጀራ መጋገርና ሊጥ ማቡካትም ክንድን ስለሚያዘረጉ ሰው ይተካሽ። ከሁሉ የሚረሳው ማዘል ነው፤ የአንቀልባው ጠፍር ደረት ላይ አግድም ስለሚያርፍ ስፌቱን በቀጥታ ይጫናል። ሐኪሙ እስኪፈቅድ ልጁን ሌላ ሰው ይዘለው። ሸዋ ሮቢት ወይም አጣዬ ከሆንሽ ከጡት ስር የሚጠራቀመው ላብ ስፌቱን ያረጥባል፤ ሽቦ የሌለው የጥጥ ጡት ማስያዣ በየቀኑ ቀይሪ።

የመጀመሪያው ቀጠሮ እስኪያልፍ አዲስ አበባ ቆዪ፤ እስከ ደብረ ብርሃን ብቻ እንኳ 130 ኪሎ ሜትር ነው። ስትመለሺ በመኪናው ቀበቶና በደረትሽ መካከል ትንሽ ትራስ አድርጊ፣ የሕክምና ወረቀትሽንም ያዢ። አንዱ ጡት በድንገት ካበጠና ከጠነከረ ውስጡ ደም ተጠራቅሞ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ፣ ጫፉ ከጠቆረ፣ ትኩሳት ወይም መግል ካለ፣ ባትሽን ካመመሽ ወይም ትንፋሽ ካጠረሽ የቀጠሮሽን ቀን ሳትጠብቂ ቅርብሽ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂጂ፤ ከዚያ ሆነሽ ለሠራሽ ሐኪም ደውዪ።