አሳይመንት ላይ ነጥብ የሚያስጥሉ ስህተቶች

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አካባቢ ካሉት ሻይ ቤቶች በአንዷ፣ ማታ ማታ ከፍሬሽ ተማሪዎች ጋር ወርክሺት ማየት ከጀመርኩ ጥቂት ዓመታት ሆኖኛል። ሂሳብ ይመጣል፣ ታሪክ ይመጣል፣ አካውንቲንግ ይመጣል፤ አንዳንዴም እኔ ራሴ ከተማሪው እኩል ቁጭ ብዬ የማነብበት ይመጣል። ነጥብ የሚያስጥለው ነገር ግን ከትምህርት ትምህርት ያን ያህል አይለያይም። "አልገባኝም" ተብሎ የመጣውን ወረቀት ስናገላብጠው ብዙ ጊዜ ቀመሩ ትክክል ነው፣ መደመር መቀነሱም ትክክል ነው። ልጁ የሳተው ገና እስክሪብቶ ሳያነሳ፣ ወይም ጨርሶ ወረቀቱን ሲያጥፍ ነው። ከነዚህ ስህተቶች ደጋግሜ ያየኋቸውን ልንገራችሁ።

ጥያቄውን በአማርኛ ሳይረዱ በእንግሊዝኛ መፍታት

የምንማረው በእንግሊዝኛ ነው፤ የምናስበው ግን በአማርኛ ነው። በሁለቱ መካከል አንዲት ቃል ከጠፋች ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ይሆናል። ለምሳሌ "አንድ ሳንቲም 3 ጊዜ ቢወረወር ቢያንስ አንድ ጊዜ ሰው የመውጣት ዕድሉ ስንት ነው?" የሚል ፕሮባቢሊቲ አለ። "ቢያንስ" የምትለዋን ዘሎ "አንድ ጊዜ" የሚለውን ብቻ ያነበበ ልጅ 3/8 ብሎ ይጽፋል። ስሌቱ እንከን የለውም፤ ያልተጠየቀ ጥያቄ መልስ ነው እንጂ። "ቢያንስ አንድ" ማለት "ከዜሮ በስተቀር ሁሉም" ማለት ስለሆነ፣ አንድም ጊዜ ሰው የማይወጣበትን 1/8 ከ1 መቀነስ ነው፤ 7/8።

ኢኮኖሚክስ ላይም እንዲሁ። ቅዳሜ ገበያ የጤፍ ዋጋ ቢጨምር የጤፍ የፍላጎት መስመር ወዴት ይሄዳል ተብሎ ሲጠየቅ፣ ብዙው ተማሪ መስመሩን ወደ ግራ ይገፋዋል። መስመሩ ግን ንቅንቅ አይልም። የራሱ የጤፉ ዋጋ ሲለወጥ እዚያው መስመር ላይ ከአንዱ ነጥብ ወደ ሌላው ነው የምንሄደው። መስመሩን የሚያንቀሳቅሰው ሌላ ነገር ነው፤ የሰው ገቢ ቢለወጥ፣ የማሽላ ወይም የስንዴ ዋጋ ቢለወጥ፣ ጾም ቢገባ።

እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ወርክሺቱን እገለብጠውና "በል፣ ጥያቄው ምን አለህ?" እላለሁ። ወረቀቱን ሳያይ በአማርኛ ካልነገረኝ ገና አላነበበውም።

ካልኩሌተሩን ማመን

አንድ ማታ አንዲት የኢንጂነሪንግ ተማሪ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

"ጋሼ፣ ካልኩሌተሬ ተበላሽቷል።"

"ምን ሆነ?"

"የ30 ሳይን ነጌቲቭ ነው ይለኛል።"

ተቀብዬ አየሁት፤ እውነትም −0.988 ይላል። ካልኩሌተሩ ጤነኛ ነው። ራዲያን (ከዲግሪ ሌላ የማዕዘን መለኪያ ነው) ላይ ሆኖ ስለቆየ ያሰላላት የ30 ዲግሪን ሳይሆን የ30 ራዲያንን ሳይን ነው። ወደ ዲግሪ ስንመልሰው 0.5 አለ። የገረመኝ ግን ከዚያ በፊት የነበሩትን አራት ጥያቄዎች በዚያው ራዲያን ሠርታ መጨረሷ ነው። መልሶቹ ነጌቲቭ ስላልሆኑ አልጠረጠረቻቸውም። አራቱንም እንደገና ሠራናቸው፤ ሻዩ ሁለት ጊዜ በረደ።

ስለዚህ የትሪጎኖሜትሪ ወርክሺት ስትጀምሩ መጀመሪያ የ30ን ሳይን ጠይቁት። 0.5 ካለ በዲግሪ ቀጥሉ።

መለኪያን እንደ ጌጥ ማየት

ኪሎሜትር በሰዓት፣ ሜትር በሰከንድ፣ ካሬ ሜትር... ብዙዎች ቁጥሩን ይሠሩና መለኪያውን መጨረሻ ላይ ይለጥፉታል። ከፒያሳ ወደ አዘዞ በሰዓት 36 ኪሎሜትር የምትሄድ፣ ከነተሳፋሪዎቿ 400 ኪሎግራም የምትመዝን ባጃጅ አስቡ። ካይኔቲክ ኢነርጂዋ ሲጠየቅ 36ን እንዳለ ቀመሩ ውስጥ የከተተ ሰው 259,200 ጁል ያገኛል። 36ቱ መጀመሪያ 10 ሜትር በሰከንድ መሆን ነበረበት፤ ትክክለኛው መልስ 20,000 ጁል ነው። ፍጥነቱ ስኩዌር ስለሚደረግ በ3.6 የተጀመረው ስህተት ወደ 13 እጥፍ አደገ።

ከዚህ የባሰው ካርታ ላይ ነው። በ1፡50,000 ካርታ ላይ 1 ሴንቲሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው፤ ይህን ሁሉም ያውቀዋል። ጥያቄው "ካርታው ላይ 4 ካሬ ሴንቲሜትር የሆነ መሬት ስፋቱ ስንት ነው?" ሲል ግን አንድ የደንቢያ ልጅ በ500 አባዝቶ 2,000 ካሬ ሜትር ብሎ አመጣልኝ። አባቱ ገበሬ ናቸው። "ይሄ ስንት ጥማድ ይሆናል?" አልኩት። ዝም ብሎ አሰበና ሳቀ። 2,000 ካሬ ሜትር የሄክታር አንድ አምስተኛ ነው፤ አራቱን ጥማድ በሄክታር ብንይዝ አንድ ጥማድ እንኳ አይሞላም። ካርታው ላይ የነበረው ግን ከመንደር እስከ ወንዝ የተዘረጋ መሬት ነው። አንዱ ካሬ ሴንቲሜትር 500 በ500፣ ማለትም 250,000 ካሬ ሜትር ስለሆነ አራቱ 1 ካሬ ኪሎሜትር ይሆናሉ፤ 100 ሄክታር ማለት ነው። ልጁ ጥማድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያውቃል፤ እሱን የሚያህል ባለሙያ ክፍሉ ውስጥ አልነበረም። ያንን እውቀት ግን ወረቀቱ ጋ ይዞት አልመጣም።

ያዩትን ትቶ የመጽሐፉን መጻፍ

ይሄኛው ላብራቶሪ ላይ ይበዛል። ውሃ አፍልቶ ሙቀቱን እንዲመዘግብ የታዘዘ ልጅ ቴርሞሜትሩ 93 አካባቢ ላይ ቆሞ አልነቃነቅ አለው። የተሳሳተ መስሎት ሪፖርቱ ላይ 100 ብሎ ጻፈ።

ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር ያለፈ ከፍታ ላይ ነው ያለችው። ወደ ላይ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃ ደግሞ የሚፈላው የራሱ የእንፋሎት ግፊት ከአየሩ ግፊት ጋር ሲስተካከል ነው። ግፊቱ ካነሰ ቶሎ ይፈላል። 100 ዲግሪ የባሕር ወለል ቁጥር ነው፤ እኛ ዘንድ 93 ገደማ ነው ልኩ። እናቶቻችን ሽንብራና ባቄላ ሲቀቅሉ ከቆላ ዘመዶቻቸው የበለጠ ማገዶ የሚፈጁትም ለዚህ ነው፤ ውሃው ይንፈቀፈቃል እንጂ ሙቀቱ ከዚያ አያልፍም። ልጁ ያየውን ጽፎ ምክንያቱን ሁለት መስመር ቢጨምርበት ኖሮ ከክፍሉ ሁሉ የተሻለው ሪፖርት የእሱ ይሆን ነበር።

ሁለቱን የዘመን አቆጣጠር መቀላቀል

የታሪክ አሳይመንት ላይ ያነበብኳትን አንዲት ዓረፍተ ነገር እስከ ዛሬ አልረሳትም። "የእንግሊዝ ጦር በ1868 መቅደላ ሲደርስ አፄ ቴዎድሮስ ከሞቱ 8 ዓመት ሆኗቸው ነበር" ትላለች። ጄኔራል ናፒየር ያን ሁሉ ጦርና ዝሆን ይዞ የመጣው ለተዝካር ነው ማለት ነው!

ተማሪዋ አልዋሸችም። አንዱ ምንጭ በአማርኛ ነበር፤ አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አረፉ ይላል። ሌላው በእንግሊዝኛ ነው፤ ዘመቻው በ1868 መቅደላ ደረሰ ይላል። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚያወሩትም ስለ አንድ ሳምንት ነው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 በፈረንጆቹ ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ነው።

"8 ደምር" የሚለው የተለመደ ምክርም ዓመቱን ሙሉ አይሠራም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሦስተኛ ሳምንት ገደማ ልዩነቱ 7 ነው፤ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይሆናል። ዓድዋ የካቲት 1888 ስለሆነ 8 ሲጨመር 1896 ይመጣል። ፋሺስት ኢጣሊያ የወረረን ግን መስከረም 1928 ነው፤ 7 ሲጨመር 1935። ወሩን ሳያዩ ዓመት መለወጥ አይቻልም። ማስታወሻ ስትይዙም ከእያንዳንዱ ዓመት ጎን ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ጻፉ፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ የትኛው የትኛው እንደሆነ እናንተም አታውቁትም።

ሂሳቡን በግድ ማስታረቅ

አካውንቲንግ ላይ ትሪያል ባላንሱ፣ ማለትም የዴቢትና የክሬዲት ዓምዶች ድምር እኩል መምጣቱ የሚታይበት ዝርዝር፣ 900 ብር ጎደለ፤ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሆኗል፤ ዶርሙ ተኝቷል። ምን ይደረጋል? "ልዩ ልዩ ወጪ 900" የሚል አካውንት ከባዶ ይፈጠራል። አስተማሪ ይህን ከበር ላይ ያውቀዋል።

የጎደለው ቁጥር ራሱ ይናገራል። መጀመሪያ ለ9 አካፍሉት። ሳይተርፍ ከተካፈለ ሁለት አሃዞች ቦታ ተለዋውጠው ሊሆን ይችላል ብላችሁ ፈልጉ፤ 5,400 የሚለው 4,500 ተብሎ ተገልብጧል እንደማለት። ምክንያቱ የአልጀብራ ነው፦ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት አሃዞች ሲቀያየሩ ልዩነቱ ሁልጊዜ የ9 ብዜት ይሆናል። ለ9 እምቢ ካለ ደግሞ ለ2 አካፍሉት። 1,220 ከሆነ የጎደላችሁ፣ 610 ብር ዴቢት መሆን ሲገባው ክሬዲት ውስጥ ገብቶ እንደሆን እዩ። በሁለቱም ካልተገኘ የአንድ መዝገብ አንዱ ጎን ብቻ፣ ዴቢቱ ወይም ክሬዲቱ፣ ተዘሎ ይሆናል። ሁለቱ ዓምዶች እኩል መጡ ማለትም ሁሉ ነገር ልክ ነው ማለት አይደለም፤ የቤት ኪራዩን የመብራት ወጪ ውስጥ ብትከቱትም እኩል ይመጣል።

"ቫሊድ" እና "እውነት" አንድ ይመስላቸዋል

ሎጂክ ላይ ነው፤ ባጭሩ ልለፈው። ከተሞች ሁሉ ደሴት ላይ ናቸው፤ ጎንደር ከተማ ናት፤ ስለዚህ ጎንደር ደሴት ላይ ናት። ክርክሩ ቫሊድ ነው፤ ጎንደር ግን እዚሁ ነች። ቫሊድ የሚባለው መነሻዎቹ እውነት ቢሆኑ ድምዳሜው የማይቀር ሲሆን ነው እንጂ፣ መነሻዎቹ እውነት ስለሆኑ አይደለም።

የሰው መልስ ተሸክሞ መሄድ

ከሲኒየር የተወረሰ ወረቀት፣ ቴሌግራም ላይ የሚዞር የተሠራ ወርክሺት፣ አሁን ደግሞ ቻትጂፒቲ። አትጠቀሙ አልልም፤ እኔም እጠቀማለሁ። ችግሩ የሚመጣው "ይህን እንዴት አገኘኸው?" የሚል ጥያቄ ሲመጣ ነው። አንድ ልጅ የሦስት ውጤቶችን አማካይ የሚያወጣ የሲ ፕላስ ፕላስ ኮድ ከቴሌግራም አውርዶ አስገባ። 65፣ 72 እና 75 ሲገቡለት ፕሮግራሙ 70 አለ። ልኩ 70.67 ነው። "ነጥቧን ምን በላት?" ተብሎ ሲጠየቅ ጭንቅላቱን አከከ። ሙሉ ቁጥር ለሙሉ ቁጥር ሲካፈል ቋንቋው ከነጥብ በኋላ ያለውን ቆርጦ ይጥላል፤ 3 በሚለው ፈንታ 3.0 ቢባል ይበቃ ነበር። ኮዱን መስመር በመስመር በወረቀት ላይ አንድ ጊዜ ቢከተለው እዚያው ይይዘው ነበር።

ቻትጂፒቲን ምንጭ ስትጠይቁት ደግሞ ተጠንቀቁ። ደራሲው፣ ርዕሱ፣ የመጽሔቱ ቅጽ ሳይቀር የተሟላለት፣ ነገር ግን የትም የሌለ ጽሑፍ ሊሰጣችሁ ይችላል። አንዲት ተማሪ ካመጣችልኝ አምስት ምንጮች ሁለቱን ብንፈልግ ብንፈልግ አጣናቸው። ራሳችሁ ከፍታችሁ ያላያችሁትን ምንጭ አትጻፉ።

የግሩፕ አሳይመንትም የዚሁ ዘመድ ነው። ስድስት ስም፣ አንድ ሠራተኛ። ሠራተኛው ሰው ታሞ የቀረ ቀን ፕሬዘንቴሽኑን ማየት ነው።

የማስረከቢያውን ሰዓት አለማጣራት

ይህ የራሴ ነው። ተማሪ ሳለሁ ሦስት ሌሊት የለፋሁበት አንድ የስታቲስቲክስ አሳይመንት ነበር። መብራት በጠፋ ጊዜ በሻማ ነው የቀጠልኩት። ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ "ሰኞ 8:00" ይላል። ጠዋት ልብሴን አጠብኩ፣ ምሳዬን በላሁ፣ ወረቀቱን እንደገና በንጹህ ገለበጥኩና ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩል ላይ ግማሽ ሰዓት ቀድሜ ደረስኩ ብዬ በኩራት በሩን አንኳኳሁ። ማስታወቂያው የተጻፈው በፈረንጅ ሰዓት ነበር፤ 8:00 ማለት ጠዋት 2 ሰዓት። አምስት ሰዓት ተኩል ዘግይቻለሁ። መምህሩ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ከመነጽራቸው በላይ አይተውኝ "ልጄ፣ እርማቱን ጨርሼ ውጤቱን አስገብቻለሁ" አሉ።

ያ ወረቀት አሁንም አለኝ። ዜሮ እንኳ አልተጻፈበትም።