ቀብድ ሳትከፍል ጠይቅ

ምክር የሚጠየቀው ከውሳኔ በፊት ነው። የቤት ቀብድ ከፍለህ ስታበቃ ትልቅ ሰው ጋ ሄደህ «ጋሼ፣ ምን ይመስልዎታል?» ብትል፣ የፈለግከው ምርቃት እንጂ ምክር አይደለም። እሳቸውም ይገባቸዋል፣ መርቀው ይሸኙሃል። ልብህ ሳይቆርጥ ሂድ።

ማን ጋ? ነገሩን ኖሮ ያየው፣ አንተ ብትገዛም ብትተወውም ምንም ጥቅም የማያገኝበት ሰው ጋ። ደላላው ብዙ ያውቃል፣ ግን ኮሚሽኑን የሚያገኘው ስትገዛ ነው። አብሮ አደጎችህን ብቻ መጠየቅም ያው ራስህን እንደመጠየቅ ነው። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም የተሳሳተው እዚህ ጋ ነው። ሕዝቡ ሴኬም ላይ ተሰብስቦ «አባትህ የጫነብንን ቀንበር አቅልልን» ሲለው የ3 ቀን ጊዜ ወሰደ፤ ይሄ ብልህነት ነበር። አባቱን ያገለገሉት ሽማግሌዎችም ሕዝቡን በመልካም ቃል እንዲመልስለት መከሩት። እሱ ግን ያንን ትቶ አብሮ አደጎቹን ሰማ፣ ከአባቴ የባሰ እጭንባችኋለሁ አለ፣ 10 ነገድ ከእጁ ወጣ። በጣም የሚያሳዝነኝ፣ መጠየቁንስ ጠይቆ ነበር።

ስትጠይቅ ሙሉውን ተናገር፣ የሚያሳፍርህን በተለይ። ብድር እንዳለብህ ከደበቅክ የምትሰማው ምክር ብድር ለሌለበት ሰው የተሰጠ ነው።

ከዚያ ዝም በል። ከባዱ ይሄ ነው። ትልልቅ ሰዎች ብዙ ጊዜ ከሩቅ ይጀምራሉ፣ የድሮ ጎረቤታቸውን ወይ የአንድ ዘመዳቸውን ታሪክ ያነሳሉ፣ አንተ ሰዓት ታያለህ፣ ቁም ነገሩ ግን እዚያው ታሪክ ውስጥ ነው ያለው። ስልክህን ኪስህ ክተት። «እሱማ…» ለማለት አፍህን ቢበላህም ይጨርሱ። ደግሞ እኛ አገር «አታድርገው» ብሎ ፊት ለፊት የሚከለክልህ ሽማግሌ ጥቂት ነው። «እስቲ ሰንበት በልበት»፣ «እንግዲህ አንተ ካልክ…» ይሉሃል። ይሄን እሺታ አድርገህ እንዳትወስደው! «እርስዎ በእኔ ቦታ ቢሆኑ ምን ያደርጉ ነበር?» ብለህ ጠይቅ፣ ያኔ የልባቸውን ያወጣሉ።

ትሕትና ታላቅን ማክበር ብቻ አይደለም። የሶርያው የጦር አለቃ ንዕማን ከለምጹ የነጻው የሚስቱ አገልጋይ የሆነች ትንሽ ልጅ የተናገረችውን ስለተቀበለ ነው። በኋላም ነቢዩ ኤልሳዕ «ዮርዳኖስ ሄደህ ታጠብ» ስላለው ተቆጥቶ ሊመለስ ሲል የገዛ አገልጋዮቹ ለመኑት፣ ሰማቸው፣ ዮርዳኖስ ወርዶ 7 ጊዜ ጠለቀ። ታናሽ እህትህ ውሉን አይታ «ይሄ አንቀጽ ምን ማለት ነው?» ካለችህ ቁጭ ብለህ እንደገና አንብበው።

የሰማኸውን ሁሉ መፈጸም አይጠበቅብህም። መካሪም ይሳሳታል፣ ዘመኑም ተለውጦ ሊሆን ይችላል። ግን ያናደደህን ምክር ቢያንስ አንድ ሌሊት አሳድረው፣ ንዴቱ ሲበርድ የሚቀረውን ትለየዋለህ። ከምክራቸው ውጪ ከሄድክ ደግሞ ከሰው ሳይሰሙ ራስህ ሄደህ ንገራቸው፣ ምክንያትህንም ጨምረህ።